የኩሽናችን ደብተር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ሻይ ያዙና ተቀመጡ፤ ድሬ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ጥላ ፈልጉ። ስለ ፖለቲካ አይደለም፣ ስለ ኳስም አይደለም። ስለ ሳሙና፣ ስለ ወተት ዱቄትና ስለ በረኪና ነው። ሲጀምር ያስቃል፣ መጨረሻው ግን የሳቅ አይደለምና እስከ ታች ድረስ አንብቡልኝ።

ኩሽናችን ውስጥ ከቅመም መደርደሪያው ጎን አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር በምስማር ተንጠልጥሏል። ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አዲስ ዕቃ» ይላል። የጀመርኩት ነሐሴ 2016 ላይ ነው። ያን ሰሞን ታስታውሱታላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን አለ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለው የነበሩት 38 ዓይነት ሸቀጦችም፣ ከሽቶ እስከ ቸኮሌት፣ በዚያው ውሳኔ ተፈቀዱ።

እኛ ሰፈር ሱቅ ላይ የታየው ነገር ይሄ ነው፦ የምናውቀው ዕቃ ዋጋው ሄደ፣ የማናውቀው ዕቃ መደርደሪያውን ሞላው። ስሙ የቱርክ የሚመስል ኦሞ፣ ላዩ ላይ ዓረብኛ ብቻ የተጻፈበት ፓስታ፣ ላም የተሳለበት ወተት፣ ላም ያልተሳለበት ወተት። ባለሱቃችን በገባሁ ቁጥር «ቲቸር፣ ይሄ አዲስ የመጣ ነው፣ ሞክረው አቦ፣ ካልወደድከው መልሰው» ይለኛል። ተከፍቶ የሚመለስ ኦሞ የት አለ? ግን እወስዳለሁ። የመምህር ደመወዝ ከወሩ አጋማሽ በኋላ ደፋር ያደርጋል።

ለነገሩ ድሬዳዋ አዲስ ዕቃ ብርቋ አይደለም። ከተማዋ ራሷ ባቡር ያመጣት ናት። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ነው፤ አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ያን ሁሉ ዓመት ከባሕር ማዶ በባቡር የመጣ ዕቃ መጨረሻው እዚህ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ በግመልና በበቅሎ ነው። ዛሬም ታይዋን ገበያ አንድ ዙር ብትዞሩ፣ ስሙን አንብባችሁ የማትጨርሱትን ዕቃ ታገኛላችሁ። አዲስ ነገር መሞከር እዚህ አገር ሱስም ነው፣ ባሕልም ነው።

እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ሃይስኩል ነው የማስተምረው። ዲግሪውን «በክረምት፣ በክረምት» እያልኩ እስካሁን አልጨረስኩትም። እጄ ግን ማርክ መስጠት ለምዷል። ስለዚህ ደብተሩን በማስመሪያ አራት ቦታ ከፈልኩት፦ የዕቃው ስም፣ ዋጋ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ነጥብ ከ10። ባለቤቴ ስታየኝ ሳቀች። «ሳሙናውንም ሚድ ልትፈትነው ነው?» አለችኝ። እኔ ግን ኮርቼ ነበር። ሌላው ሰው በወሬ ይገዛል፣ እኛ በጥናት እንገዛለን ብዬ።

የመጀመሪያው ተፈታኝ የልብስ ሳሙና ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «ርካሽ ነው፣ አረፋው ደግሞ ጉድ ነው» ብላ ስድስት ሙዳ ላከችልን። ባለቤቴ የልጃችንን የትምህርት ቤት ልብስ ልታጥብበት ተቀመጠች። ፈተገች፣ ፈተገች፣ አረፋ የለም። የልብሱ ላይ እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነጭ ነገር ተጣበቀ። ልብሱ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ቆመ። ደብተሩ ላይ «2/10፣ የተጭበረበረ ሳሙና» ብዬ ጻፍኩና ለእህቴ ደወልኩላት። «አንተ ደግሞ! እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት በሱ ነው ያጠብኩት፣ አረፋው ባልዲውን ሞልቶ ነበር» አለችኝ።

ያን ማታ ነው የገባኝ፤ ኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ሁለት ቀን መፍጀቱ ያሳፍራል። ሳሙናው ጥፋት የለበትም። የእኛ ውኃ ነው። የድሬ ውኃ ከመሬት ውስጥ ከኖራ ድንጋይ መሀል ነው የሚመጣው። በጣሊያን ጊዜ የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው እኮ ድንጋዩ ስላለ ነው። ያ ድንጋይ በውኃው ውስጥ ካልሲየም ሆኖ ይሟሟል። ተራ ሳሙና ካልሲየም ሲያገኝ ቆሻሻውን ትቶ ከእሱ ጋር ይያያዛል፤ ያ አይብ የመሰለው ፍርፋሪ ይሄው ነው። ካልሲየሙ እስኪያልቅ ድረስ አረፋ አይሰጥም፣ እስከዚያ ድረስ ግማሽ ሳሙና ሄደ ማለት ነው። ኦሞ የምንለው የዱቄት ሳሙና ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ካልሲየሙን የሚይዝ ነገር አብሮ ስለሚቀላቀልበት እዚህም ያረፋል።

ማመን ካቃታችሁ እንዲህ ሞክሩት። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። አንዱ ውስጥ የቧንቧ ውኃ፣ ሌላው ውስጥ የዝናብ ውኃ እኩል ጨምሩ። ከሁለቱም ውስጥ የጥፍር ታህል የተፋቀ ሳሙና ጣል አድርጉና ክዳኑን ዘግታችሁ ናጡት። የዝናቡ በአረፋ ይሞላል፣ የቧንቧው እንደ አጓት ይደፈርሳል። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ሠራሁትና አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ታዲያ ማዘር ስንት ዓመት ሙሉ ሳሙናውን ስትራገም ኖረች?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

ደብተሩ ላይ ያለውን «የተጭበረበረ» የሚለውን ሰረዝኩና «ለአዲስ አበባ ጥሩ፣ ለድሬ አይሆንም» ብዬ አስተካከልኩ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይሄ ነበር፦ ዕቃ የሚፈተነው በቤትህ ውኃ እንጂ በዘመድ ምስክርነት አይደለም።

ፓስታውም ቢሆን እንደዚሁ ነው። አንድ ርካሽ ፓስታ እህቴ ቤት «አልበስል አለ» ተብሎ ተጥሏል። እኛ ቤት ግን በደቂቃው ደረሰ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ውኃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ እዚያ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው። ፓኬቱ ላይ ያለውን ደቂቃ የጻፈው ሰው ግን ባሕር ዳርቻ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። ፓስታው 7/10 አገኘ።

ከዚያ የወተት ዱቄቱ መጣ። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ማታ ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ በር ላይ ወጥታ ሻይ በወተት ካልጠጣች ቀኑ ያለቀ አይመስላትም። የለመደችው የወተት ዱቄት ዋጋው ሰማይ ሲነካ እኔ በግማሽ ዋጋ ሌላ አገኘሁ። ቆርቆሮው ያምራል፣ ላም ተስሎበታል፣ ሣሩ ራሱ ያስቀናል። በአሮጌው ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጬ፣ ምንም ሳልናገር ሻዩን አፈላሁላት። አንድ ጊዜ ፉት አለች። ብርጭቆውን አየችው። እንደገና ፉት አለች።

«ልጄ፣ ይሄ ወተት ላም አይቶ አያውቅም» አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ ግን አስቀመጠችው፣ አልጠጣችም። ሌሊት በስልኬ መብራት ቆርቆሮውን አገላብጬ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውን አነበብኩ። «ፋት ፊልድ ሚልክ ፓውደር» ይላል። ይሄ ማለት ከወተቱ ቅባቱ ወጥቶ በምትኩ የአትክልት ዘይት ገብቶበታል። መርዝ አይደለም፤ በዓለም ሁሉ የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው። ግን ሙሉ ወተት አይደለም፣ ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ በጭራሽ አይሆንም። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር በምላሷ ያነበበችውን እኔ በባትሪ ነው ያነበብኩት። 7 ሰጥቼው የነበረውን ወደ 4 አወረድኩ። እሷ «ዜሮ በለው» አለችኝ።

ሁለተኛው ትምህርት፦ ሥዕሉን ሳይሆን ጽሑፉን አንብብ። ይሄንንም ለተማሪዎቼ ነገርኩ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም አወራሁት፣ ሁሉም ሳቀ። ዕውቀቴ ደብተሩን እየሞላ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል አይደል?

አሁን ወደ ሦስተኛው ልሂድ። ይሄን ለመጻፍ ብዙ ወር ፈጅቶብኛል።

ያ ሳሙና የማያስረፋ ውኃ ሌላም ሥራ ይሠራል። በራዱን ውስጡን ነጭ ድንጋይ ያለብሰዋል፣ የሻወሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ የሽንት ቤቱን ሳህን ቢጫና ቡናማ ቅርፊት ያስይዘዋል። ድሬ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ጎረቤታችን አለች፣ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ነው የሚላት፤ በራዷን በሎሚ ትቀቅለውና እንደ አዲስ ያበራል። ሽንት ቤት ግን በሎሚ አይታጠብም። ባለቤቴ በበረኪና ስትፈትገው ነጣ ይልና ቅርፊቱ እዚያው ነው። በረኪና ቀለም ያነጣል፣ ጀርም ይገድላል እንጂ ኖራ አያሟሟም። ኖራ የሚያሟሟው አሲድ ነው።

ግንቦት 2017፣ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ በጋሪ የሚሸጥ ልጅ አገኘሁ። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ደርድሯል፤ ፀሐዩ ላይ ያብረቀርቃል። ከጎኑ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ያለበት ሌላ ሃይላንድ። ስም የለውም፣ ወረቀት የለውም። «ይሄ ምንድነው?» አልኩት። «የሽንት ቤት ነው ቲቸር፣ አንዴ ብቻ ነው የምታፈሰው፣ ድንጋዩን ይበላዋል» አለኝ። ክዳኑን ከፍቼ ከሩቁ አሸተትኩት። አወቅሁት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሱቅ ውስጥ በስሙ ታሽጎ ከሚሸጠው በግማሽ ዋጋ ነበር። ደስ አለኝ። አንድ በረኪና፣ አንድ እሱን ገዛሁ።

ቤት ገብቼ ሁለቱንም ጎን ለጎን ሽንት ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ደብተሩን አወረድኩና ጻፍኩ፦ «ስም የሌለው የሽንት ቤት ማጽጃ። ዋጋ ግማሽ። ነጥብ፦ ነገ ይሞከራል።» ለባለቤቴ «አዲስ ማጽጃ አምጥቻለሁ፣ በጣም ኃይለኛ ነው» አልኳት። በቃ። ያልኩት ይሄን ብቻ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በየዓመቱ ስለ አሲድ ሳስተምር አንድ የማልዘለው ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በሚባል ቦታ የጀርመን ጦር ክሎሪን ጋዝ በነፋስ ለቀቀ። ጋዙ ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ምሽጉ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞር እልና «ይሄ ጋዝ እናንተም ቤት ሊሠራ ይችላል» ብዬ እጽፋለሁ፦ በረኪና ሲደመር አሲድ፣ ክሎሪን ጋዝ ይሰጣል። ልጆቹ ይደነግጣሉ፣ እኔም ትምህርቱ ስለገባቸው ደስ ይለኛል። ፈተና ላይም አወጣዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ በረንዳ ላይ ወረቀት አርማለሁ። ባለቤቴ ሽንት ቤቱን ልታጸዳ ገባች። መጀመሪያ በረኪናውን አፈሰሰች። አዲሱ በረኪና ደካማ ሆነባት። ደጋግማ ጨመረች። ከዚያ «ኃይለኛ» ያልኳት ትዝ አላት። ሁለቱ ሲገናኙ ይበልጥ ይጠነክራሉ ብላ ጎንበስ እንዳለች ያኛውን ደፋችበት።

የሰማሁት ሳል ነው። መጀመሪያ ተራ ሳል መስሎኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አላስቀመጥኩም። ቀጥሎ የባልዲ መውደቅ ሰማሁ። ከዚያ የአምስት ዓመት ልጃችን «ባባ፣ ማሚ አትናገርም» እያለች መጣች።

ሮጬ ስገባ ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ቢጫ አረንጓዴ ጭስ ከሳህኑ ላይ እየተነሣ ወለሉ ላይ ይሄዳል። እሷ ግድግዳ ይዛ ተንበርክካለች፣ ዓይኗ እንባ ብቻ ነው። ትንፋሼን ይዤ በብብቷ ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። ግቢው ውስጥ ኒሟ ሥር አስቀመጥኳት። እናቴ ሕፃኗን ይዛ ወደ መንገድ ወጣች። አዴ ሳትጠራ በጀሪካን ውኃ ይዛ ደረሰች፤ ዓይኗን እያጠበች በኦሮምኛም በአማርኛም እየጸለየች ነበር። የባለቤቴ ደረት እንደ ፉጨት ይጮኻል። አንድ ባጃጅ ተገኘና ሄድን።

ጤና ተቋሙ ውስጥ ነርሷ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ነካት? የዕቃውን ስም ወይም ጠርሙሱን አምጡ» ነው። ጠርሙሱ ላይ ስም የለም። እጄ እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶ ጠየቅኋትና በካርዱ ጀርባ ላይ ጻፍኩላት፦ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ክሎሪን ጋዝ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነው። ከሰሌዳ ውጭ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነበር። ሐኪሙ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። «ምንድነው ሥራህ?» አለኝ። ነገርኩት። ሌላ ነገር አልተናገረም። ባይናገር ይሻላል።

ኦክስጅን ተደረገላት። እስከ ማታ ድረስ እያዩዋት ቆየን። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፤ ተረፈች። ሳሏ ግን ሳምንታት ቆይቷል።

ለምን እንደተረፈች ሳስብ ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንዱ በሩ ክፍት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ደካማ በረኪና ነው። በረኪና ሙቀትና ፀሐይ አይወድም፤ በዚህ አገር ሙቀት በብርሃን አስተላላፊ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲውል ኃይሉ እያለቀ ይሄዳል። ልጁ በጋሪ ላይ ስንት ቀን አስጥቶት እንደሆነ እንጃ። ደህና በረኪና ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ጋዝ ከዚያ ይበዛ ነበር። እኔ በደብተሬ 1/10 ልሰጠው የነበረው መጥፎ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም ሚስቴን ያተረፈልኝ። ይሄን የት ዓምድ ውስጥ ነው የሚጻፈው?

ማታ ቤት ገብተን ልጃችን ከተኛች በኋላ ባለቤቴ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ ጠየቀችኝ።

«አንተ ታውቀው ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

«ሁለቱ አንድ ላይ እንደማይሆኑ?»

«አዎ።»

ዝም አለች። ቆይታ «ለተማሪዎችህ በየዓመቱ ትነግራቸዋለህ። ለእኔ መቼ ልትነግረኝ ነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ሰው ቤቱ ሲገባ ሥራውን በር ላይ አውልቆ ይገባል እንላለን። እኔ ግን ያወለቅኩት ሥራዬን አልነበረም። ማርክ መስጠቱን ይዤ ገብቻለሁ፣ ማስተማሩን ነው በር ላይ የተውኩት።

በሳምንቱ ደብተሩን ከምስማሩ አውርዳ አልጋ ላይ ሆና ስታነብ አገኘኋት። አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ከስድስት ወር በፊት 8/10 የሰጠሁት፣ በዋጋው የኮራሁበት የዱቄት ኦሞ ነው። «ይሄ ስምንት አገኘ?» አለችኝ። «ብዙ ቆየ፣ ርካሽ ነበር» አልኳት። እጇን ዘረጋችልኝ። «ያኔ ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ነበር። አንተ ስምንት ስትሰጠው እኔ ቫዝሊን እየገዛሁ ነበር። የቫዝሊኑን ዋጋ የት ነው የጻፍከው?»

አስቡት። አጣቢዋ እሷ፣ ፈታጊዋ እሷ፣ የምትተነፍሰው እሷ፤ ነጥብ የምሰጠው ግን እኔ። አንድም ቀን «እንዴት ነበር?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ስንት ቀን ቆየ ብዬ ነው የምጠይቃት።

አሁን ደብተሩ ሌላ ነው። አምስተኛ ዓምድ አለው፦ «የተጠቀመው ሰው ምን አለ?» ይላል። ይሄን ዓምድ የምትሞላው እሷ ናት፣ አንዳንዴ እናቴ በቃል ታስጽፋለች። «ሽታው ራስ ያማል።» «እጅ ያለሰልሳል ግን ልብስ አያጠራም።» «ላም አይቶ አያውቅም» የሚለውም በይፋ ገብቷል። የመጨረሻውን ነጥብ የምትሰጠው እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር ወጪያችን ብዙም አልጨመረም፤ ርካሽ ብዬ ከገዛሁት ግማሹ ሳያልቅ የሚጣል ነበር።

አዲስ ነገር መሞከር አትተዉ። ኑሮው ራሱ አያስተወንም። ግን ከእኔ የተማራችሁትን ያህል ውሰዱ፦

1. በረኪናን ከምንም ነገር ጋር አትቀላቅሉ። ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር፣ ከማንም ጋር። በውኃ ብቻ ነው የሚቀጠነው። አንዱን ተጠቅማችሁ ሌላውን ከፈለጋችሁ በብዙ ውኃ አጥባችሁ፣ ሌላ ቀን አድርጉት።

2. ከተቀላቀለና የሚቆጠቁጥ ሽታ ከመጣ፣ ልታጥቡት አትሞክሩ። ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፣ ልጆችን አውጡ፣ በሩን ክፍት ተዉት። ጋዙ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው፤ ጎንበስ ያለ ሰውና ሕፃን ቀድመው ያገኛቸዋል። ዓይን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡ። ሳልና የትንፋሽ ማጠር ካለ ቤት አትቀመጡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

3. በሃይላንድና በለስላሳ ጠርሙስ የተሞላ ኬሚካል ቤታችሁ አታስገቡ። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ሐኪምም ምን እንደሆነ ማወቂያ አይኖረውም።

4. በረኪና ስትገዙ ብርሃን የማያስገባ ዕቃ ያለውን፣ ቀኑ የቀረበውን፣ ጥላ ውስጥ የቆየውን ግዙ። ለድሬ፣ ለአፋርና ለጋምቤላ ሰው ይሄ በጣም ያስፈልጋል።

5. ለበራድና ለሻወር ኖራ የአዴ ሎሚ ይበቃል። እውነቴን ነው። አፍልታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት በብዙ ውኃ እጠቡት። በረኪናው ግን አጠገቡ አይድረስ።

6. አዲስ ሳሙና በትንሹ ገዝታችሁ በቤታችሁ ውኃ ሞክሩት፤ ከአንድ አዲስ ነገር በላይ በአንዴ አትጀምሩ። ቆዳ ቢያሳክክ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

7. ጽሑፉን ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጽሑፍ የሌለውን ጠርሙስ ግን አዋጁ ቤታችሁ መጥቶ አያነብላችሁም። አለመግዛት ነው።

8. ይሄኛው ለወንዶች ነው። ዕቃውን ገዝታችሁ ስታስገቡ የምታውቁትን ተናገሩ። ስትጨርሱ ደግሞ የተጠቀመችውን ጠይቁ።

ያን ጋሪ የሚገፋ ልጅ በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። ልቆጣው ነበር የሄድኩት። ቀረብ ብዬ ሳየው የአንድ ተማሪዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ እጁ ላይ ነጭ የተቃጠለ ጠባሳ አለ። በእጁ ነው ከበርሜል የሚቀዳው። ቁጣዬን ረሳሁት። ተቀምጠን ስለ ሁለቱ ጠርሙሶች ነገርኩት፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ጎን ለጎን አይደረድራቸውም። እስክሪብቶዬን ወስዶም ቢጫው ላይ በፕላስተር «አሲድ፣ ከበረኪና ጋር አይሆንም» ብሎ ጽፎበታል። ፊደሉ ጠማማ ነው። ግን ይነበባል።

ባለቤቴ አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን። ይሄን ከመለጠፌ በፊት አንብባዋለች። «የቫዝሊኑን ነገር እንዳታወጣ» አለችኝና ቆይታ «ተወው፣ ይኑር» አለች።

እናንተስ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ምን አዲስ ዕቃ ሞከራችሁ? ደህና ሆኖ ያገኛችሁትንም፣ ያቃጠላችሁንም ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ብቻ ከመጻፋችሁ በፊት ቤት ውስጥ የተጠቀመችውን ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ። ቁጥር 1 እና 2ን ደግሞ ለእናቶቻችሁ፣ ለእህቶቻችሁና ቤት ለሚያግዟችሁ ልጆች አንብቡላቸው። ሼር ባታደርጉትም ግድ የለም፣ አንብቡላቸው።

ደህና ሰንብቱ። ከድሬ፣ ከኒም ዛፋችን ሥር።